ከመኪና የሚወርድ ውሃ

የሸምሱ ዲኤክስ ቁልቁለት ካላገኘች አትነሳም። ባትሪዋ ካረጀ ቆይቷል፤ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ መብራቱም ጡሩምባውም ይሠራል፣ ሞተሩ ጠፋ ማለት ግን ሁሉም ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ማታ ማታ መካኒሳ ካለው ቤቱ ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ አናት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙሮ ያቆማታል። ጠዋት ፍሬኑን ይለቅና ስትንደረደር ማርሽ ያስገባል፤ ሁለት ሦስቴ ተንገጫግጫ ትነሳለች። ታች ሜዳው ላይ ከጠፋችበት ደግሞ የሰፈሩ ወንዶች አሉ። «ኧረ ጋሽ ሸምሱ፣ ባትሪ ግዛ! እኛን ነው እንዴ በባትሪ ፋንታ የገዛኸን?» እያሉ ይገፋሉ። ይስቁበታል፣ ይሰድቡታል፣ ግን ይገፋሉ። መኪና እያለው ከእግረኛ ይልቅ ሰው የሚያስቸግር ቢፈለግ በዚያ ሰፈር ከሸምሱ ሌላ አይገኝም።

ሸምሱ ከስልጤ አገር ሲመጣ ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። ሱቅ በደረቴ አንግቶ ማስቲካና ሶፍት ከሳሪስ እስከ ጎፋ ሸጧል፤ የታክሲ ረዳት ሆኖ በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ዕለት ደግሞ ዓለም በሙሉ የእሱ የሆነች መስሎት ነበር። በኋላ ጎፋ አካባቢ የነበረ አንድ የአስጎብኚ ድርጅት ቀጠረውና ብዙ ዓመት ፈረንጅ ይዞ ባሌና ኦሞ ተመላለሰ። ሰው ጅብ በሚጮህበት ምድረ በዳ «ሙቅ ሻወር ካልወሰድኩ አልተኛም» ሲል የሰማውም ያኔ ነው።

ሻወሩ ሻንጣ በሚያህል ሳጥን ነው የሚጓዘው። ባልዲ ውስጥ የምትጠልቅ ቡጢ የምታህል ፓምፕ፣ ቱቦ፣ የሻወር ራስና በትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ የሚሠራ ማሞቂያ አለው። የፓምፗ ገመድ መኪናው ውስጥ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካል፣ የሻወሩ ራስ ከጣሪያው ጎን ይንጠለጠላል፣ በቃ፣ ውሃ ከመኪና ይወርዳል። ሸምሱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዝንጀሮ ሳሙናውን እንዳይዘርፍ ዱላ ይዞ ይቆማል። እንግዳው ታጥቦ ሲገባ ለሚስቱ ለሙፊዳ ይደውላል።

«ዛሬ ደግሞ መኪናዬ ፈረንጅ አጠበች።»

«ውይ! እኔንስ መቼ ነው የምታጥበኝ?» ትለዋለች ከት ብላ እየሳቀች።

«ኢንሻአላህ! አንድ ቀን አንቺንም ታጥብሻለች።»

በቀልድ የተባለ ኢንሻአላህ አንድ ቀን ዞሮ እንደሚጠይቀው አላወቀም። እንግዳው ቀረ፣ ድርጅቱ ተዘጋ፣ ዕቃው ለሠራተኛው ሲከፋፈል ለሸምሱ ሻወሩ ደረሰው። ፈረንጅ የሌለበትን የፈረንጅ ሻወር ተሸክሞ ቤቱ ገባና አልጋ ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ያቺን አሮጌ ዲኤክስ ገዝቶ እዚሁ ላፍቶና ጎፋ ሰው እያደረሰ መኖር ጀመረ።

ሙፊዳ እንዴት ያለች ሴት ነበረች! እግረ ፈጣን፣ አፈ ፈጣን፤ መንገድ ዳር ባለችው ሱቋ እንቁላልና ሽንኩርት ስትሸጥ ሦስት ሰው በአንድ አፍ ታናግራለች። አንድ ጠዋት እንቁላል እያቀበለች ሳለ ትሪው ከእጇ ወደቀ። ሰው የወደቀውን እንቁላል ሲያይ እሷም ተከትላ ወደቀች። ከሆስፒታል ስትወጣ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ የሷ አልነበሩም፤ ከንፈሯም በአንድ ወገን ተንጋዶ፣ ያ ሁሉ ቃል አንድ አንድ እያለ በጭንቅ የሚወጣ ሆነ። ግራ ጎኗ ደህና ነበር።

ቤት በገባች ዕለት ምሳ ቀረበ። ሙፊዳ ግራ እጇን ወደ ትሪው ዘረጋችና እንጀራው ጫፍ ሳትደርስ አቆመቻት። በግራ እጅ አይበላም። ይህን እናቷ አስተምራታለች፣ እሷም ልጇን መርዋን እየቆነጠጠች አስተምራለች። ለታመመ ሰው ምንም አይደለም ያላት ሰው ነበር፤ ዕፍረት ግን ሰው ስለፈቀደለት አይሄድም። ሸምሱ ፊቷን አየና ወደ ትሪው ቀረበ።

«ተይው፣ ሙፊ። እኔ ምን ልሠራ ነው ያለሁት?» አለና ጠቅልሎ አጎረሳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጉራሿ እሱ፣ አጠጪዋ እሱ፣ ሻሿን አሳሪ እሱ ሆነ። ግራ እጇ ነጠላው ሥር ገባች፤ እዚያው ቀረች።

አስቸጋሪው ገላ ማጠቡ ነበር። መጀመሪያ ላይ መርዋ ከባሏ ቤት ከወራቤ መጥታ ታጥባት ነበር፤ መውለጃዋ ሲደርስ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጎረቤታቸው እትዬ ተሾመች፣ ከሙፊዳ ጋር ሽንኩርት ተበዳድራ ያረጀች ደግ ሴት፣ «እኔ አጥባታለሁ፣ እህቴ አይደለች እንዴ?» ብላ መጣች። ሙፊዳ ግን ተሾመች እስክትወጣ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። በዚያ የተንጋደደ ገላዋ ላይ ከባሏና ከልጇ ሌላ ዓይን እንዲያርፍበት አልፈለገችም። ተሾመችም ገብቷት፣ ሳትቀየም፣ በሩን በቀስታ ዘግታ ሄደች።

ሸምሱ ብቻውን ቀረ። እሷን ወንበር ላይ ሲያስቀምጣት ወደ ቀኝ ትዘምማለች፤ በሁለት እጁ ካልያዛት ትወድቃለች። በሁለት እጁ ከያዛት ደግሞ ውሃውን ማን ያፍስስ? አንድ ጊዜ በአንድ ክንዱ አቅፎ በሌላው በጆግ ሊያፈስባት ሞከረ። ውሃው በድንገት ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ሰውነቷ ደንግጦ እንደ እንጨት ደረቀ፣ ወንበሩ ተንሸራተተ፣ ሁለቱም ሲሚንቶው ላይ ወደቁ። ደግነቱ አልተሰበረችም። ከዚያ ወዲህ ሸምሱ ጆግ የሚባል ነገር ይዞ አልቀረባትም፤ በሞቀ ውሃ ጨርቅ እየነከረ ያብሳታል። እሷም አንድ ቀን ጣሪያውን እያየች፣

«እርጥብ ጨርቅ… ያብሳል እንጂ… አያጥብም» አለችው።

ሸምሱ ጨርቁን ጨምቆ አሰጣው። ሰው የሚወዳትን ሚስቱን ገላዋን ማጠብ ሲያቅተው ምን ይባላል?

አረፋ ደረሰ። በእነሱ አገር አረፋ ሁለት ነው፤ በዋዜማው የሴቶች አረፋ፣ በማግስቱ ወንዱ የሚያርድበት። በሴቶች አረፋ ሴቱ ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ቡላ በቅቤ አብስሎ አተካነ የሚባለውን ምግብ ይበላል፤ ወንዱ የዚያን ቀን እንግዳ ነው። ሙፊዳ በደጉ ጊዜ ቢቻል አገር ቤት ሄዳ፣ ባይቻል እዚሁ መካኒሳ ለጎረቤቱ ሁሉ አተካነ ስታዞር ነው የምትውለው። ዘንድሮ ከሳምንት በፊት ጀምራ ዝም አለች። ዝምታዋ ሲበዛበት ሸምሱ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ምን አምሮሽ ነው፣ ሙፊ? አተካነውን እትዬ ተሾመች እኔ እሠራዋለሁ ብላለች እኮ። አሠራሩን ያስተማርሻት አንቺ ነሽ።»

«መብላቱን… አይደለም» አለች። «በሴቶች አረፋ… ሳልታጠብ… ልውል ነው?»

አልጠየቀችውም፤ ለራሷ ነበር የተናገረችው። ሸምሱን የቆረጠውም ያ ነው። ተነስቶ ደጅ ወጣ፣ መልሶ ገባ፣ ተንበርክኮ ከአልጋው ሥር ያንን ሳጥን ጎትቶ አወጣ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ውሃውን እሱ ካላፈሰሰ መኪናዋ ታፍስሰው። እሱ ሁለት እጁን ለሙፊዳ ይሰጣል፤ ውሃው ደግሞ እንደ ጆግ ዱብ ሳይል፣ ቀስ ብሎ ከላይ ይወርዳል።

ጎረቤቱ ኢታና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሳጥኑን ከፍቶ አየውና ማሞቂያውን ወደ ጎን አስቀመጠው፤ የጋዝ ቆርቆሮዋ ከእንግዶቹ ጋር ነበር የምትመጣው፣ አሁን ከየት ይምጣ?

«በመኪናው አይሞቅም?» አለ ሸምሱ።

«ጋሼ፣ ይቺ ባትሪ ራሷን አልቻለች፣ ውሃ ልታፈላልህ ነው? እሷ ውሃውን ትግፋልህ፣ ከሰል ያሙቅልህ።»

እንደዚያ ሆነ። የሸምሱ ቤት ከዳገቱ ሥር ነው፤ የጓዳው መስኮት በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈታል፤ ጓዳው ሲሚንቶ ነው፣ ውሃ መውረጃም አለው። መኪናዋ ግድግዳውን ተጠግታ ትቆምና ገመዱ በመስኮቱ ይገባል። ኢታና ወፈር ያለ ገመድ ቀጠለለት፤ የሻወሩን ራስ ጣሪያው እንጨት ላይ በሽቦ አሰረው። አንድ ችግር ቀረ፤ ዲኤክሷ ቆማ ስትሠራ ትጠፋለች፤ የሆነ ሰው ነዳጅ መስጫውን ረገጥ አድርጎ መያዝ አለበት።

«እኔ እረግጥልሃለሁ» አለ ኢታና። «አንተ እናቴን እጠብልኝ እንጂ።» ሙፊዳን እናቴ ነበር የሚላት።

በዋዜማው ዋዜማ ሞከሩት። ኢታና መኪናው ውስጥ ሆኖ ረገጠ፣ ሸምሱ ጓዳ ሆኖ መዳፉን ዘረጋ። ፓምፗ አጉረመረመች፣ ቱቦው ተነፋፋ፣ ውሃው መዳፉ ላይ ወረደ። እንደ ልጅ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር እንባውም መጥቶ ነበር፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ገብቶ ለሙፊዳ ነገራት፤ እሷም በአንድ ወገን ከንፈሯ ሳቀችና «ፈረንጅ… ልታደርገኝ ነው» አለች። መኪናዋን መልሶ ዳገቱ ላይ አወጣት። ቤንዚኑን ግማሽ ቀን ላፍቶ ሰልፍ ላይ ተሰልፎ የቀዳው ስለሆነ፣ ጠብታው ሁሉ ያሳሳው ነበር። ውሃውን ደግሞ በየባልዲው ሞልቶ ካስቀመጠ ቆይቷል፤ የመካኒሳ ቧንቧ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ የሚመጣበት ቀን አይታወቅም።

የሴቶች አረፋ ጠዋት ሰፈሩ ጭር አለ። ለአረፋ አገር ቤት የማይሄድ ማን አለ? ያ መኪና ገፊ ሁሉ፣ ያ ተሳዳቢ ሁሉ፣ ሌሊቱን በሚኒባስ ተጨናንቆ ወደ ቡታጅራና ወደ ወራቤ ሄዷል። ሱቆቹ ተዘግተዋል። ሸምሱ ዲኤክሷን ከዳገቱ ለቀቃት፤ ተንገጫግጫ ተነሳች፤ ግድግዳው ሥር አቆማትና እግሩን ነዳጅ መስጫው ላይ እንዳደረገ ለኢታና ደወለ።

«ጋሼ፣ አሁን መጣሁ! አንድ ኮንዶሚኒየም መብራት ጠፍቶ ጠርተውኝ ነው፣ ጨርሻለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ።»

የአዲስ አበባ ሰው መንገድ ላይ ነኝ ሲል ሱሪውን እየታጠቀ እንደሆነ ሸምሱ ያውቃል፤ ሹፌር አይደል? ግን ከሰሉ ላይ ውሃው ፈልቷል፣ ሙፊዳ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ሞተሩ ቤንዚኑን ይጠጣል። ጠበቀ። እንደገና ደወለ፤ ስልኩ አይነሳም። ውሃው ሊበርድ ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና ከመንገዱ ዳር ደልደል ያለ ድንጋይ አንስቶ ነዳጅ መስጫው ላይ አስቀመጠ። ሞተሩ አገሳ፣ ረጋ አለ። ጥቂት ቆሞ አየው፤ ድንጋዩ አልተንቀሳቀሰም። «አልሐምዱሊላህ» አለና ወደ ውስጥ ሮጠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚሉትን ተረት ያኔ ያስታወሰው የለም።

ፍል ውሃውን ባልዲው ውስጥ ከቀዝቃዛው ጋር በጣሳ እያደባለቀ ለገላ እንዲሆን አደረገው። ፓምፗን አጠለቀ። ሙፊዳን አቅፎ ወደ ጓዳ አስገባትና የላስቲክ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት፤ ከኋላዋ ሆኖ በሁለት ክንዶቹ ያዛት። በእግሩ ጣት የፓምፗን ማብሪያ ተጫነ።

ውሃው መጣ። መጀመሪያ ትከሻዋን፣ ቀጥሎ ጀርባዋን አገኘው። ሸምሱ ሰውነቷ እስኪደርቅ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ አልደረቀችም። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ውሃው በግንባሯ፣ በተንጋደደው ከንፈሯ ላይ ወረደ።

«ከላይ…» አለች። «ከላይ ነው… የሚወርደው።»

«ከላይ ነው፣ ሙፊ። ሞቀሽ?»

«ቢስሚላህ» አለች፤ ከዚያም ከታመመች ወዲህ ሰምቶት የማያውቀውን ያንን የድሮ ሳቋን ሳቀች። ሸምሱ ሸሚዙ፣ ሱሪው፣ ጺሙ በስብሷል፤ እሱም አብሯት ይስቃል። በደረቱ ደገፍ አድርጎ ፀጉሯን በሳሙና አሸላት። አረፋው በአንገቷ፣ በፊቷ ላይ ወረደ።

ውጭ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ። ሸምሱ ሹፌር ነውና ከመስማቱ በፊት አወቀው፤ በሞተሩ ንዝረት ድንጋዩ ቀስ በቀስ ተንሸራቶ ነዳጅ መስጫውን ለቀቀ። ዲኤክሷ አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ዝም አለች። ውሃው ቀጠነ፣ ክር ሆነ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ ቆመ።

ሙፊዳ ሳሙና የሞላው ፊቷን አዙራ ጠበቀች።

«አሁን ይመጣል» አለ ሸምሱ። ማን እንደሚያመጣው ግን አላወቀም። ቢለቃት ትወድቃለች። ባይለቃት መኪናዋን አያስነሳም። ቢለቃትና ወጥቶ ቢሮጥስ? ዳገቱ ላይ የሚገፋ ሰው የለም፤ ባትሪዋ ሙት ናት። ባልዲው ከወንበሩ በስተግራ ነው፣ ሙቅ ውሃው በእንፋሎቱ ይታየዋል፣ ጎንበስ ካላለ ግን እጁ አይደርስበትም፤ ጎንበስ ካለ ደግሞ እሷ ከደረቱ ታመልጣለች።

«ጋሽ ሸምሱ!» የእትዬ ተሾመች ድምፅ ነው ከመስኮቱ ውጭ። «መኪናዋ ጠፋች እኮ!»

«አውቄያለሁ፣ እትዬ! እባክሽ ወንድ ፈልጊልኝ፣ የሚገፋ!»

እግሯ ሲሮጥ ተሰማ። ከቆየች በኋላ ተመለሰች።

«ኧረ ወንድ የሚባል የለም! አገሩ ባዶ ነው። እኔ ልግባ እንዴ? ውሃውን ላፍስስላት? ዓይኔን ጨፍኜ አፈስሳለሁ፣ በማርያም!»

ሸምሱ የሙፊዳን ፊት አየ። ራሷን ነቀነቀች፤ እንቢ። ተሾመች የገባት ይመስላል፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ አልሰጠችም፤ ግን አልሄደችም፣ ከመስኮቱ ሥር ስትቃትት ይሰማ ነበር።

ሳሙናው ዓይኗ ገባ። ሙፊዳ ተንቀጠቀጠች፤ በእርጥብ ገላ ላይ የጠዋቱ ብርድ ይጋረፋል። ሸምሱ የቻለው ነገር ቢኖር ይበልጥ ማቀፍ ነበር፤ በበሰበሰ ሸሚዙ ሊያሞቃት ሞከረ። «ይቅር በይኝ» አላት። «ኢታና አሁን ይመጣል። አሁን ይመጣል።» እያለ ደጋገመው፤ ልጅ ሲያስተኙ እንደሚባል ነገር፣ ራሱም ሳያምነው። ያን ሁሉ ምድረ በዳ ላይ ያን ሁሉ እንግዳ በሙቅ ውሃ ያጠበ ሰው፣ ያችን አንዲት ሚስቱን በገዛ ጓዳው ሳሙና ቀብቶ አስቀመጣት። አለቀሰ። ድምፁን ሊውጥ ሞከረ፤ ደረቱ ግን ጀርባዋ ላይ ነበርና ሰማችው።

ያን ጊዜ ግራ እጇ ተንቀሳቀሰች። መጀመሪያ ዓይኗን ጠረገች። ቀጥሎ እየዳበሰች ባልዲው ጠርዝ ላይ ደረሰች፤ ሸምሱ ፍል ውሃውን ያደባለቀበት ጣሳ ተንሳፎ ነበር፤ ጨበጠችው።

«ቆይ፣ ቆይ ሙፊ፣ ትወድቂያለሽ!»

አልሰማችውም። ጣሳውን አጠለቀችና ወደ ራሷ ወሰደችው። ግማሹ ጭኗ ላይ ፈሰሰ፤ ግማሹ ግንባሯን አገኘው። ሸምሱ ሰውነቷ እንዳይደርቅ ፈርቶ ጥርሱን ነከሰ። ምንም አልሆነችም፤ ውሃው መቼ እንደሚያርፍባት ታውቃለች፣ የምታፈሰው እሷ ናት። እንደገና ቀዳች። በትከሻዋ፣ በአንገቷ፣ በፀጉሯ ላይ አፈሰሰች። እጇ ከነጠላ ሥር ስለከረመች ቶሎ ደከመች፤ ጉልበቷ ላይ አሳርፋት፣ ተንፍሳ፣ እንደገና አነሳቻት። ሸምሱ ሁለት ክንዶቹን ሳያላላ ያቺን እጅ ያያታል። ነጠላውን በየጠዋቱ በላይዋ ላይ የሚያስተካክለው እሱ ራሱ ነበር።

ኢታና ከውጭ እየሮጠ ሲደርስና ተሾመች «ዝም በል፣ ዝም በል» ስትለው ተሰማ። ሙፊዳ ጣሳውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ማፍሰሷን አቆመች። ከጆሮዋ ጀርባ ሳሙናው ገና አልለቀቀም።

«ሸምሱ።»

«ወይዬ።»

«እስከ ዛሬ… ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሸምሱ ያንን ሳሙና ሊጠርግላት አንድ እጁን ላላ አደረገ። «በል… ዝም ብለህ ያዘኝ» አለችና ጣሳውን እንደገና ባልዲው ውስጥ ነከረች። ውሃው ግን በርዶ ነበር።